በወረቀት ጎሚስታ፣ በሜዳ ተከላካይ

ባለፈው ወር የመንገድ ካምፓችን ንብረት ክፍል አስጠራኝና እጄ ላይ ያለውን ዕቃ እንድመልስ ታዘዝኩ። አንድ ማሊያ፣ ቁጥር አምስት። አንድ ቁምጣ፣ ላስቲኩ የላላ። አንድ ጥንድ ታኬታ፣ የግራው አፉን የከፈተ። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ቅጹን እየሞላ፣

«የሚመለስበት ምክንያት?» አለኝ።

«ጉልበት» አልኩት።

«ጉልበት የሚል ምክንያት የለም። ወይ አርጅቷል፣ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ጠፍቷል ነው የሚለው።»

«ማሊያው ነው ወይስ እኔ?»

ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አርጅቷል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ከኳስ የተሰናበትኩት እንግዲህ በዚህች ምልክት ነው። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው። ጓደኞቼ በሠላሳ ሲያቆሙ እኔ እስካሁን የቆየሁት ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ድሮም ስለማልሮጥ መድከሜን የለየው ሰው የለም። ባለቤቴ ለሊሴ ደግሞ ሁሌ ማታ ማታ የኳስ ወሬ ስጀምር «ጻፈውና ጆሯችን ይረፍ» ትለኛለች። ይኸው ጻፍኩት።

«ተጫዋች ነበርክ ወይስ ሠራተኛ?» ይሉኛል። ሁለቱንም ነበርኩ። በመዝገቡ ላይ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ ፈቺ፣ ጎማ ለጣፊ። ግን ካምፑ የራሱ የኳስ ቡድን ስለነበረው አለቃችን አቶ ደምሴ ሰው ሲቀጥሩ ከእጁ ይልቅ እግሩን ነበር የሚያዩት። ጎባ ቢሯቸው የገባሁ ቀን፣

«ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«ሰው ማስቆም።»

«መኪናስ?»

«ፍሬን ካለው መኪናም አስቆማለሁ።»

ሳቁና ፈረሙ። ደመወዙን አትጠይቁኝ፤ ያኔም የሚያስጠይቅ አልነበረም።

ያኔ ተከላካይ አይባልም፣ «በክ» ነው የሚባለው። በክ ሆኖ ጎሚስታ መሆን ደግሞ ለቡድን ትልቅ ነገር ነው። የድሮ ኳስ ሆዱ ውስጥ እንደ ጎማ የሚነፋ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ አለው፤ ቆዳው በጠፍር ይታሰራል። ጨዋታ መሀል ሲተነፍስ ሌላ ኳስ ከየት ይመጣል? ዳኛው ፊሽካውን ይነፋና «ጎሚስታ!» ይላል። መስመሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከመነዳሪውን አወጣለሁ፣ ቀዳዳውን በምራቅ እፈልጋለሁ፣ በሞረድ ሻከር አድርጌ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ፣ አስራለሁ። ሃያ አንድ ሰው ወገቡን ይዞ ይጠብቀኛል። የጎባ ሕዝብ ስሜን ሳያውቅ «ጎሚስታ» እያለ ያጨበጨበልኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አጥቂዎቻችን ያገቡትን ጎል ሰው ሁሉ ያስታውሳል። እኔ የለጠፍኩትን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማስታውሰው።

የበክነቱን ሙያ ያስተማሩኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። የካምፑ ግሬደር ሹፌር፣ የቡድናችን የመሀል ተከላካይ። እኔ ስቀጠር ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቷቸዋል። ቀጭን፣ ረዥም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። የጨዋታ ቀን ሰው ሁሉ ሳይመጣ ሜዳ ይደርሱና ከጎል እስከ ጎል በዱላ መሬቱን ወጋ ወጋ እያደረጉ ይዞራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጎባ ሜዳ የፍልፈል አገር ነው። ሌሊቱን ሲቆፍር ያድራል፤ ጠዋት ሣሩ ደህና መስሎ ይታያል፣ እግር ሲያርፍበት ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ጋሽ በቀለ የጉድጓዱን ሁሉ ቦታ በቃላቸው ይይዛሉ።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣

«ጋሼ፣ የባሌን መንገድ ሁሉ በግሬደር ሲደለድሉ ይውላሉ። ይችን ሜዳ አንድ ጊዜ ቢያልፉባት ምን አለበት?» አልኳቸው።

ደንገጥ ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም? ጉድጓዱ እኮ የኛ ነው።»

ትምህርቱ ይኼ ነበር። አጥቂው ላይ አትዘልበትም። ሁለት ክንድ ርቀህ፣ ጎንህን ሰጥተህ፣ ወደ ኋላ እየሄድክ መንገድ ትከፍትለታለህ። የከፈትክለት መንገድ ጉድጓዱ ጋ ያደርሰዋል። የቀረውን ፍልፈሉ ይጨርስልሃል። ዓይንህን ኳሱ ላይ ካደረግክ አለቀልህ፤ ወገቡን ነው የምታየው። እግር ያታልላል፣ ወገብ ግን ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይናገራል። ይኼን እንድለምድ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮቤ ገበያ ወስደው ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ፊት ያቆሙኝና «ወዴት ሊዞር ነው?» ይሉኛል። ሁለት ጊዜ ተረግጫለሁ። ባለጋሪው «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ሲላቸው ጋሽ በቀለ «ሥራ ላይ ነው» ብለው መለሱለት።

ትልቁ ጥበባቸው ግን ሰላምታ ነው። የኛን አገር ሰላምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቢሮው ሰው፣ ሁሉም ጀምሮ ሳይጨርስ አይሄድም። ጋሽ በቀለ አጥቂው ኳስ ይዞ ሲመጣባቸው ረጋ ብለው፣

«አካም ጅርታ? ነጋያ? ወርሪ ነጋያ? ሎን ነጋያ?» ይላሉ። እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ሰላም ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው ማለት ነው። ጨዋ ልጅ ደግሞ ታላቁ ሲጠይቀው ዝም አይልም። «ነጋያ» ብሎ ይጀምራል። ከብቱ ጋ ሳይደርስ ኳሱ ሄዷል። ከአሰላ የመጣ አንድ አጥቂ ለዳኛው ከሶ ነበር። ዳኛው አሰበ፣ አሰበና «ሰላም ማለት ጥፋት አይደለም» ብሎ ፈረደ።

ጋሽ በቀለ በሕይወታቸው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ስታዲየም ሣር ላይ መቆም። አንድ ጊዜ ለመለዋወጫ ዕቃ ሄደው በአጥሩ ቀዳዳ አይተውታል። «ሣሩ እንደ ገብስ ቡቃያ ነው» ይሉኛል፤ ሌላ አይጨምሩም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በሞላቸው ዓመት ዕድሉ መጣ። የጎባና የሮቤ ቡድን ሁለት ጊዜ ይገጥማሉ፣ በድምሩ ያሸነፈው ጠቅላይ ግዛቱን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል ተባለ። ጎባ ላይ እኛ አንድ ለባዶ አሸነፍን። ሮቤ ላይ አቻ ብንወጣ በቂያችን ነው። አቶ ደምሴ ደግሞ ከዚያ ዓመት በኋላ ጋሽ በቀለን እንደማያጫውቷቸው በግልጽ ነግረዋቸዋል።

እዚህ ላይ የኔ ጉድ ይመጣል። ያን ሰሞን ሮቤ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ለሊሴን ልጠይቅ። አባቷ ስለሞተ የቤቱ ቃል ያለው ታላቅ ወንድሟ ገመቹ ዘንድ ነው። ገመቹ ደግሞ የሮቤ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ነው። በወረቀት ላይ «እሱ» ልበለው እንጂ ፊት ለፊት እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምለው። ለሽማግሌዎቹ «እንመካከር» ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።

ወደ ሮቤ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ስንሄድ ጓደኞቼ ሲቀልዱብኝ ዋሉ። «ዛሬ ካላሳለፍከው ሚስት የለህም!» «ካሳለፍከው ደግሞ ሥራ የለህም!» ጋሽ በቀለ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ዛሬ አማችህ አይደለም። ዘጠኝ ቁጥር ነው» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ።»

«ወገቡን እይ።»

«እሺ ጋሼ።»

አየሁት፣ በእውነት አየሁት! ሰማንያ ደቂቃ ያህል ገመቹ እኔን አላለፈም። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ነው። የሮቤ ሰው ከፈረስ ሳይወርድ መስመሩን ከቦ ይጮኻል። ኮርቻ ላይ ያለ ሰው ሲሰድብህ ከላይ ነው የሚወርድብህ። በመጨረሻ ገመቹ በቀኝ በኩል ኳስ ይዞ ብቻውን መጣብኝ። ጎኔን ሰጠሁ፣ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ። ወገቡ ወደ ግራ ሊሄድ መሆኑን ነገረኝ። እግሬን ልሰድ ስል ኳሱን በጫማው ረግጦ ቀጥ አለና፣ ፈገግ ብሎ፣

«አካም ጅርታ፣ ሶዳ?» አለኝ።

ሶዳ ማለት አማች ማለት ነው። ሦስት ሳምንት የጠበቅኩት መልስ ይኸው መጣ! ቤተሰቡ ተስማምቷል፣ ለሊሴ የኔ ናት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ለአማች እንዴት እንደሚቆም አስተምራኛለች። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ፣ ጎንበስ አልኩና፣

«ነጋያ! ወርሪ ነጋያ? እናትዎስ ደህና ናቸው?» አልኩ።

ቀና ስል ገመቹ የለም። ሕዝቡ ጎል እያለ ይጮኻል። ጋሽ በቀለ ከወዲያ በኩል ለመድረስ ሮጠው ሮጠው ጎሉ አፍ ላይ በደረታቸው ተዘርግተዋል። ሳይነሱ ትንሽ ቆዩ።

በድምሩ አንድ ለአንድ ሆንን፤ ዕጣ ወጣ። ሮቤ ደረሰው። አዲስ አበባ ሮቤ ሄደ።

ስንመለስ ጭነቱ ላይ ስድብ እየጠበቅኩ አንገቴን ቀብሬ ተቀመጥኩ። ጎባ ልንገባ ስንል ጋሽ በቀለ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ምነው በዚያ ዱላቸው በመቱኝ!

አቶ ደምሴ በማግስቱ አስጠሩኝ። «ጎሚስታ ነው የሚለው ወረቀትህ? ሂድና ጎሚስታ ሁን» ብለው ገሰራ መንገድ ላይ ያለው ካምፕ መደቡኝ። ስምንት ወር እውነተኛ ጎሚስታ ሆንኩ። እሑድ እሑድ ከገበሬዎቹ ጋር ገበያው ሜዳ ላይ እጫወታለሁ። አንዴ ከኔ የተመታ ኳስ በሬ ጎን መትቶ የራሳችን ጎል ውስጥ ገባ። በሬው እንኳን ዞር ብሎ ያየኝ በትዝብት ነው።

ግን ገሰራ አንድ ነገር ሰጠኝ። ካምፑ ቁልቁለት ላይ ስለነበር የጭነት መኪና ጎማ ከመንገዱ እስከ መጠገኛው እያንከባለልኩ ማውረድ አለብኝ። መንገደኛው ደግሞ ይመጣል፣ ሰላም ይላል፣ አልመልስም አይባልም። የመጀመሪያ ቀን ለአንድ ሽማግሌ ጎንበስ ስል ጎማው ከእጄ አመለጠ። የሰው ገብስ ለሁለት ከፍሎ ወንዝ ገባ። ሁለተኛም አመለጠኝ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ፤ ሰላምታውን አፌ ይመልሰው፣ እጄና እግሬ ከጎማው አይላቀቁ። ጭንቅላቴን ብቻ ዝቅ እያደረግኩ፣ እየተራመድኩ፣ ስለ ከብቱም ስለ ሚስቱም ስለ ዝናቡም ሳላጓድል እየጠየቅኩ ጎማ ማውረድ ለመድኩ። ማንም ቅር አላለውም። ወራት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ግን ቁልቁለቱን በሩጫ እየወረድኩ የሰባት ሰው ሰላምታ ጨርሼ መመለስ ቻልኩ።

አንድ ቀን ጋሽ በቀለ መንገድ ሊደለድሉ ግሬደራቸውን ይዘው መጡ። ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ። ወርደው ምንም ሳይሉኝ ሄዱ። ጎባ ገብተው ግን አቶ ደምሴን «ይመለስ፤ አፉና እግሩ ተለያይተውለታል» እንዳሉ ሰማሁ። እሳቸው እኮ ያን ጊዜ ታኬታቸውን አስረክበዋል። የነጠቅኳቸውን እያወቁ ነው እኔን ያስመለሱኝ።

በዓመቱ ጎባና ሮቤ እንደገና ተገናኙ። ሮቤ ላይ አቻ ወጥተን የመጨረሻው ጎባ ሆነ። እኔ ያኔ ባለትዳር ነኝ፤ ገመቹ ያለቀለት አማቼ ነው። ለሊሴ ጠዋት ስወጣ «ወንድሜን እንዳትሰብረው» አለችኝ፣ ቀጥላም «እንዳታሳልፈውም» አለች። አንድ ለባዶ እየመራን ሊያልቅ ሲል ጉሙ ከተራራው ወረደ። ከጉሙ ውስጥ ገመቹ ኳስ ይዞ ብቅ አለ።

«አካም ጅርታ፣ ሶዳ? ነጋያ?»

«ነጋያ፣ ሶዳ። እርስዎስ? ወርሪ ነጋያ?» እያልኩ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ሁለት ክንድ።

«ነጋያ። እህቴስ?»

«ደህና ናት፣ ሰላም ትልዎታለች። እናትዎ ወገባቸውን ተሻላቸው?» መንገዱን ወደ ግራ ከፈትኩለት።

«ተሻላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገ...»

አልጨረሳትም። ቀኝ እግሩ ፍልፈሉ ቤት ገባ። ኳሱን ወስጄ እስከ ወዲያኛው ጎል ላክሁትና ተመልሼ አማቼን በሁለት እጄ አነሳሁት። «ይቅርታዎን» ስለው እያነከሰ «ይኼ ቤተሰብ ተበላሽቷል» ብሎ ሳቀ። ሕዝቡ «ጎሚስታ! ጎሚስታ!» ይላል። ጋሽ በቀለ መስመሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አያጨበጭቡም፣ ሜዳውን ነው የሚያዩት።

አቶ ደምሴ ሊያቅፉኝ ሲመጡ ጊዜ አላጠፋሁም።

«ጌታዬ፣ አዲስ አበባ ስንሄድ ወጌሻ ያስፈልገናል።»

«እውነት ነው። ማንን እንውሰድ?»

«ጋሽ በቀለን።»

«በቀለ የግሬደር ሹፌር ነው እንጂ መቼ ወጌሻ ሆነ?»

«እኔስ ስቀጠር መቼ ጎሚስታ ነበርኩ?»

ደብዳቤው ላይ «ወጌሻ» ተብሎ ተጻፈላቸው። ጋሽ በቀለ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤና አንድ ጥቅል ፋሻ ገዝተው መጡ። ሰው ማሸት አያውቁም። መንገዱን ሙሉ የበረኛችንን ትከሻ እያሹ ሲለማመዱ አስለቀሱት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ተጫውቻለሁ። የቡድን አምበል ሆኛለሁ፣ ዋንጫ ይዤ ጎባን በመኪና ዞሬያለሁ። በሥራ ዘመኔ የምኮራው ግን በዚያ የአዲስ አበባ ጨዋታ ነው፤ ያውም ሦስት ለባዶ የተሸነፍንበት ነው። እነሱ እግራቸው ፈጣን፣ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ! ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ልምዴን ብዬ ለአንዱ አጥቂ «ቤተሰብ ደህና?» ብለው «ምን አገባህ!» ብሎኝ አለፈ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጎሉ አልነበረም። ጋሽ በቀለ ከመስመሩ ውጪ አግዳሚው ላይ ጣሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሣሩ ከጫማቸው አስር እርምጃ ነው። ወጌሻ ደግሞ ሰው ካልተጎዳ አይገባም። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ከኛ ልጆች አንድም የወደቀ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስቱ ያነክሳሉ፣ ያን ቀን ሁሉም ጤነኛ!

ኳሱ ወዲያኛው ጫፍ ሳለ መሀል ሜዳ ላይ ዝርግት ብዬ ወደቅሁ። አጠገቤ ማንም አልነበረም። በሕይወቴ ያስመሰልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ክፉኛም ነው ያስመሰልኩት፣ የትኛውን ጉልበቴን እንደምይዝ እንኳን አልወሰንኩም። ዳኛው ፊሽካ ነፋና ወደ አግዳሚው እጁን አወዛወዘ።

ጋሽ በቀለ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። ሌላ ወጌሻ ይሮጣል፤ እሳቸው ቀስ ብለው እየተራመዱ መጡ። አጠገቤ ተንበረከኩ።

«የቱ ነው ያመመህ?»

«የትም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ወደቅህ?»

«ይግቡ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አንስተው ሣሩ ላይ ዘርግተው አሳረፉት። ከዚያ፣

«ጮኽ በል፤ ሰው እያየ ነው» አሉኝ።

ጮኽኩ። ቅቤውን አውጥተው ደህናውን እግሬን ማሸት ጀመሩ። ሕዝቡ ያፏጫል፤ ሦስት ለባዶ እየተመራ ሰዓት የሚገድል ቡድን አይቶ አያውቅማ። ዳኛው መጥቶ «አባባ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ!» ቢላቸው ቀና ሳይሉ «ጌታዬ፣ ከባድ ነው» አሉት። እኔ ፊቴን በክንዴ ሸፍኛለሁ። ዳኛው ሕመም መስሎታል።

ሲጨርሱ ጣሳቸውን ከደኑና ተነሱ። የመጡበት መስመር ቅርብ ነበር። ጋሽ በቀለ ግን ፊታቸውን ወደዚያኛው ማዶ አዙረው፣ ዳኛው እየጠራቸው፣ ሃያ ሁለት ሰው እየጠበቃቸው፣ ሜዳውን ሙሉ አቋርጠው በወዲያኛው በኩል ወጡ።